ይድረስ፦ የደብዳቤ አጻጻፍ ታሪካችን



ፊደል ቆጥራችኋል። ስማችሁን መጻፍ ችላችኋል። የመደብር ሰሌዳ፣ የአውቶቡስ ታርጋና የመድኃኒት ብልቃጥ እያነበባችሁ ነው። አሁን ደግሞ እስክሪብቶ አንሥታችሁ ደብዳቤ ልትጽፉ ነው። ታዲያ ከየት ይጀመራል? ቀኑ የት ይጻፋል? «ይድረስ» ለምን ይባላል? «ጉዳዩ» የሚለው መስመርስ ለምን ይሰመርበታል?

ብዙ ሰው ይህን ሁሉ የቢሮ ሰዎች እኛን ለማስቸገር ያወጡት ሥርዓት ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። በደብዳቤ ላይ ያለችው እያንዳንዷ መስመር የመጣችበት ምክንያት አላት። አባቶቻችንና እናቶቻችን ለእያንዳንዷ ዋጋ ከፍለውባታል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚሁ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእኛ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በጥንት ጊዜ መልእክት የሚሄደው በሰው አፍ ነበር። ጌታው ይናገራል፤ መልእክተኛው በቃሉ ይይዛል፤ ተጉዞ ይደግመዋል። መንገዱ ረጅም ነው። ቃሉ ይረሳል፤ ወይም ይጨመርበታል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ነገሩ ከባድ ሲሆን ጸሐፊ ይጠራና በብራና ወይም በወረቀት ያሰፍረዋል። ሆኖም ወረቀቱ ቢጻፍም ሌላ ችግር ነበረ። ተቀባዩ «ይህ ደብዳቤ በእርግጥ የእርሳቸው ነው ወይ? ያመጣውስ ሰው ማነው?» ብሎ ይጠይቃል።

አንድ ታሪክ እንንገራችሁ። በ1502 ዓ.ም. ገደማ ንግሥት እሌኒ በሕፃኑ ንጉሥ በልብነ ድንግል ስም አገር ያስተዳድሩ ነበር። ከቱርክና ከግብፅ ኃይል የሚረዳ ወዳጅ ፈለጉና ለፖርቱጋል ንጉሥ ለማኑኤል ደብዳቤ ላኩ። ደብዳቤውን የያዘው ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ነበር። ማቴዎስ በሕንድ በኩል ዞሮ ሄደ። ታዲያ የፖርቱጋል የመርከብ ሹማምንት አላመኑትም። «ሰላይ ነው» ብለው ጠረጠሩት፤ በመንገድም አንገላቱት። ሊዝበን የደረሰው በ1506 ዓ.ም. ነው። እዚያ ንጉሡ በክብር ተቀበሉት። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ተመልሶ ምጽዋ የደረሰው ግን በ1512 ዓ.ም. ነበር። ወዲያውም ቤተ መንግሥት ሳይደርስ በመንገድ ሞተ። ልብ በሉ፤ አንድ ደብዳቤ ሄዶ መልሱ እስኪመጣ 10 ዓመት ገደማ ፈጀ። ሕፃኑ ንጉሥ ጎልማሳ ሆነ።

እንግዲህ ላኪው ማን እንደሆነ የሚመሰክር ምልክት ያስፈልጋል። ያ ምልክት ማኅተም ነው። የኢትዮጵያ ነገሥታት እንደ ዛሬው በደብዳቤው ግርጌ ፊርማ አይፈርሙም ነበር። ማኅተማቸውን በራስጌው ላይ ያትማሉ። የዳግማዊ ምኒልክ ማኅተም መካከሉ ላይ አንበሳ ነበረው። «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለውም ቃል የታወቀ ነው። ደብዳቤውን የተቀበለ ሰው ገና አንድ ፊደል ሳያነብ ከማን እንደመጣ ያውቃል። መኳንንቱም የየራሳቸው ማኅተም ነበራቸው። አንዳንዱ እንደ ቀለበት በጣቱ ያጠልቀዋል። ዛሬ የመሥሪያ ቤት ወረቀት ስታዩ፣ ከላይ የመሥሪያ ቤቱ ስምና ዓርማ ታትሞበታል፤ ከታች ፊርማና ክብ ማኅተም አለበት። ከላይ ያለው የዚያ የጥንቱ ማኅተም ዘመድ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

ማኅተም የሌለው፣ ፊደልም ያልቆጠረ ድሃ ምን ያደርግ ነበር? አውራ ጣቱን ቀለም ያስነክረዋል፤ ወረቀቱ ላይ ይጭናል። ይህን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጣት የማን እንደሆነ ይናገራል። ወረቀቱ ምን እንደሚል ግን ለባለቤቱ አይናገርም።

አሁን ወደ «ይድረስ» እንምጣ። የድሮ ደብዳቤ ብታገኙ ምናልባት «ይድረስ ከእገሌ» የሚል ታነባላችሁ። ዛሬ «ከእገሌ» ስንል ላኪውን ማለታችን ነው። በድሮው አጻጻፍ ግን «ይድረስ ከእገሌ» ማለት «ወደ እገሌ ይድረስ» ማለት ነው። ከተቀባዩ ዘንድ ይድረስ እንደማለት ነው። ላኪውን ሲናገሩ ደግሞ «የተላከ ከእገሌ» ይላሉ። ስለዚህ በአንድ ደብዳቤ ላይ ሁለት «ከ» ይገኛል፤ አንዱ የላኪ፣ አንዱ የተቀባይ። የአያቶቻችሁን ወረቀት ከሣጥን አውጥታችሁ ስታነቡ በዚህ እንዳትደናገሩ። ለርስት ክርክር የቀረበ አሮጌ ወረቀት ሲሆን ማን ለማን እንደጻፈ ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም። ዛሬ ግን «ይድረስ ለ» ብለን እንጽፋለን፤ ነገሩም ግልጽ ሆኗል።

ከዚያ ሰላምታ ይከተላል። «እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ይላል። ንጉሥም ለንጉሥ ሲጽፍ ይህን አይተውም። ከሰላምታው በኋላ ጉዳዩ ይቀጥላል፤ በመጨረሻም «በእገሌ ከተማ ተጻፈ» ብሎ ቦታውንና ቀኑን ያስቀምጣል። ጽሑፉ ከራስጌ እስከ ግርጌ አንድ ወጥ ነው፤ እንደ ዛሬው በአንቀጽ አይከፈልም። በቃልና በቃል መካከልም ሁለት ነጥብ ይደረጋል። ወረቀት ውድ ስለነበረ ባዶ ቦታ አይተውም። ዛሬ እናንተ በአንቀጽና በአንቀጽ መካከል ቦታ ተዉ። አንባቢው ዓይኑን ያሳርፍበታል።

ስለ ቀን አንድ ነገር ልጨምር። በድሮ ጊዜ ዓመቱን በወንጌላዊ ስም መጥራት የተለመደ ነበር። ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስ፣ ዘመነ ሉቃስ፣ ዘመነ ዮሐንስ ይባላል። እነዚህ በየ4 ዓመቱ እየዞሩ ይመጣሉ። አንድ ደብዳቤ «በዘመነ ሉቃስ በጥር 10 ቀን» ብቻ ቢል፣ የትኛው ዘመነ ሉቃስ ነው? ከ4 ዓመት በፊት ያለው ነው ወይስ ከ8 ዓመት በፊት ያለው? አይታወቅም። ዛሬም ቢሆን «በ10/5» ብቻ ብሎ ዓመቱን የሚተው ሰው ያንኑ ችግር ይደግማል። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን አሟልታችሁ በራስጌው በስተቀኝ በኩል ጻፉ። ወደ ውጭ አገር ስትጽፉ ደግሞ የፈረንጁ አቆጣጠር ከእኛ በ7 ወይም በ8 ዓመት እንደሚቀድም አትርሱ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ «እ.ኤ.አ.» በሉበት።

አሁን ደግሞ ስለ አንድ መልስ ስላጣ ደብዳቤ እናውራ። ይህ በታሪካችን ከተጻፉት ደብዳቤዎች ሁሉ ብዙ የሚወራለት ነው።

ከዳግማዊ ቴዎድሮስ በፊት ለውጭ አገር የሚላኩት ብዙዎቹ ደብዳቤዎች በዓረብኛ ወይም በግዕዝ ይጻፉ ነበር። ቴዎድሮስ በአማርኛ ማጻፍ ወደዱ። በ1855 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ አጻፉ። ወዳጅነት ፈለጉ። መልእክተኞች ሊልኩ አሰቡ፤ ቱርኮች የባሕሩን በር ስለያዙ መልእክተኞቹ በሰላም የሚያልፉበት መንገድ እንዲመቻች ጠየቁ። ደብዳቤውን የእንግሊዝ ቆንስል ካሜሮን ተቀብሎ ወደ አገሩ አስተላለፈ። በዚያው ዓመት ለንደን ደረሰ። ከዚያ ግን ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ተቀመጠ። መልስ አልተጻፈለትም።

ቴዎድሮስ ጠበቁ። አንድ ዓመት አለፈ። ቆንስሉ መልስ ሳይዝ መምጣቱን እንደ ንቀት ቆጠሩት። በ1856 ዓ.ም. ካሜሮንንና ሌሎች ፈረንጆችን አሰሩ። ያን ጊዜ ለንደን ነቃች። መልሱ ተጽፎ በሆርሙዝ ራሳም እጅ ቴዎድሮስ ዘንድ የደረሰው በጥር ወር 1858 ዓ.ም. ነው። ከ3 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። ነገሩ ግን ከእጅ ወጥቶ ነበር። ራሳምም ራሱ ተያዘ። ከዚያ በጄኔራል ናፒየር የሚመራ 13 ሺህ ያህል ወታደርና 44 ዝሆን በዙላ በኩል ገባ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘች፤ ቴዎድሮስም ላለመማረክ ራሳቸውን ገደሉ። ጦርነቱ የመጣው በአንድ ደብዳቤ ብቻ ነው አንልም። ሌላም ምክንያት ነበረው። ነገር ግን የመጀመሪያው ቁስል ያ መልስ ያጣ ወረቀት ነበር።

ይህን የምንነግራችሁ ስለ ንጉሥና ስለ ንግሥት ብቻ ለማውራት አይደለም። የእናንተም ማመልከቻ እንደዚሁ ከወረቀት ክምር ውስጥ ገብቶ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ነው መሥሪያ ቤት ሁሉ መዝገብ ቤት ያለው። ስለዚህ ነው በደብዳቤ ራስጌ «ቁጥር» የሚል መስመር የተጨመረው። ማመልከቻ ስታስገቡ ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን ለመዝገብ ቤት ስጡ። በሁለተኛው ላይ የገባበትን ቀንና ቁጥር ጽፈው እንዲፈርሙላችሁ ጠይቁ። ያን ቅጂ ቤታችሁ አስቀምጡ። «ማመልከቻ አላስገባህም» የሚላችሁ ሰው ሲመጣ፣ ወረቀቱን አውጥታችሁ ታሳያላችሁ። ክርክር የለም። በእንግሊዝ መሥሪያ ቤት የተረሳው ደብዳቤ ባለቤት እንኳ ይህን ማድረግ አልቻለም፤ መንገዱ የወራት መንገድ ነበርና።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር የውጫሌ ውል ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ በምኒልክና በኢጣሊያ መንግሥት መካከል 20 አንቀጽ ያለው ውል ተጻፈ። አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በጣሊያንኛ ነበር። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ሲነበብ፣ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመጻጻፍ ሲፈልጉ በኢጣሊያ በኩል ማድረግ ይችላሉ ይላል። በጣሊያንኛው ግን የግድ በኢጣሊያ በኩል ያደርጋሉ የሚል ሆነ። «ይችላሉ» እና «የግድ»! ሁለቱ ቃላት ምን ያህል እንደሚራራቁ ማንም ያውቃል። አንዱ ነፃ ሰው ነው፤ ሌላው ሞግዚት ያለበት።

ይህ እንዴት ታወቀ መሰላችሁ? በደብዳቤ ነው። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ለአውሮፓ ነገሥታት መንገሣቸውን በደብዳቤ አስታወቁ። ከእንግሊዟ ንግሥትና ከጀርመኑ ንጉሥ መልስ መጣ። መልሱ ከእንግዲህ በኢጣሊያ በኩል ተጻጻፉ የሚል ነበር። ምኒልክ ያን ጊዜ ነገሩን ደረሱበት። የአማርኛው ቅጂ በእጃቸው ስለነበረ «እኔ የተዋዋልኩት ይህን አይደለም» ለማለት ማስረጃ አላጡም። በ1885 ዓ.ም. ውሉን መሰረዛቸውን ለመንግሥታቱ በደብዳቤ አስታወቁ። በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ተፈረደ።

እንግዲህ በማታውቁት ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ቀርቦላችሁ «እዚህ ፈርሙ» ብትባሉ፣ እጃችሁን ሰብስቡ። በምታውቁት ቋንቋ ይነበብላችሁ፤ ከተቻለም ይጻፍላችሁ። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ እህቶቻችን የሥራ ውል ሲፈርሙ ይህን ነገር ቢያስቡ እንወዳለን። የፈረማችሁበትንም ወረቀት አንድ ቅጂ ሳትይዙ ከዚያ ቤት አትውጡ።

ደብዳቤ ተጽፎ ካለቀ በኋላ መሄድ አለበት። በድሮ ጊዜ መልእክተኛው ደብዳቤውን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ላይ ሰክቶ ከፍ አድርጎ ይዞ ይሄድ ነበር። ያን ዘንግ ያየ ሁሉ የደብዳቤ ሰው መሆኑን ያውቃል፤ መንገድ ይለቅለታል። በ1886 ዓ.ም. ምኒልክ ፖስታ እንዲቋቋም አዘዙ። ፓሪስ ከተማ 7 ዓይነት ቴምብር ታተመ። አነስተኛ ዋጋ ባላቸው በ4ቱ ላይ የንጉሡ መልክ፣ በ3ቱ ላይ አንበሳ አለ። ዋጋቸው ከሩብ ግርሽ እስከ 16 ግርሽ ነበር። ነገር ግን ኢትዮጵያ ያኔ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስላልነበረች፣ የእኛ ቴምብር ከጅቡቲ አያልፍም ነበር። ወደ ፈረንጅ አገር የሚሄድ ደብዳቤ ሁለት ዓይነት ቴምብር ይለጠፍበታል፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የጅቡቲው የፈረንሳዮች። በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አባል ሆነች። ከዚያ ወዲህ የእኛ ቴምብር ብቻውን ባሕር ተሻገረ።

ቴምብር ከመጣ አድራሻ ያስፈልጋል። መልእክተኛው ተቀባዩን በመልኩ ሲያውቀው አድራሻ አያሻም ነበር። ፖስታ ቤት ግን ማንንም በመልክ አያውቅም። በአገራችን ፖስተኛ ከቤት ቤት እየዞረ ደብዳቤ ማደሉ ብዙም አልተለመደም። ሰው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው የሚቀበለው። ሣጥን የሌለው በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመሥሪያ ቤት ወይም ሣጥን ባለው ነጋዴ በኩል ያስልካል። ለዚህ ነው በፖስታው ላይ «በእገሌ በኩል» ተብሎ የሚጻፈው። በሰው እጅ ሲላክ ደግሞ «ይድረስ ለአቶ እገሌ፣ ካሉበት» ይባላል። «ካሉበት» የምትለዋን ቃል እኔ በጣም እወዳታለሁ። የት እንዳሉ አላውቅም፤ ባሉበት ይፈልግዎት ማለት ነው። ለፖስታ ቤት ግን አትበቃም።

አሁን ስለ ማመልከቻ እንነጋገር። ጥንት የተበደለ ሰው የሚጽፈው ነገር አልነበረም። ከግቢው በር ቆሞ «አቤት! አቤት!» ብሎ ይጮኻል። «አቤቱታ» የምንለው ቃል ከዚያ ጩኸት ጋር ዝምድና አለው። በኋላ ጩኸቱ ወደ ወረቀት ገባ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጊዜ ሰዎች ወረቀት ከፍ አድርገው ይዘው የንጉሡን መኪና በመንገድ ዳር ይጠብቁ ነበር። ወረቀቱን ማን ይጽፈዋል? ራፖር ጸሐፊ ነው። በፍርድ ቤትና በመሥሪያ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛውን ዘርግቶ ተቀምጧል። አንዳንዱ የጽሕፈት መኪናም አለው። ባለጉዳዩ ቁጢጥ ብሎ ችግሩን ይነግረዋል፤ እርሱ ይጽፋል።

ራፖር ጸሐፊዎቹን አንወቅሳቸውም። ብዙ ድሃ መብቱን ያገኘው በእነሱ ብዕር ነው። ሕግ የሚያውቁ፣ ቋንቋ የሚያምርላቸው ነበሩ። ግን አስቡት፤ ሰውዬው የቤቱን ምስጢር፣ የወንድሙን በደል፣ የሚስቱን ነገር ሁሉ በአደባባይ ለማያውቀው ሰው ሲናገር። ደግሞም የተናገረውና የተጻፈው አንድ መሆኑን በምን ያውቃል? ጸሐፊው በገጽ ስለሚከፈል ጽሑፉ ይረዝማል። ውዳሴው አንድ ገጽ ይፈጃል። የሰውዬው ችግር ግን ከውዳሴው በኋላ፣ ከታች በኩል ተደብቆ ይገኛል። አንባቢው ሹም ደግሞ እስከዚያ ትዕግሥት የለውም።

«ጉዳዩ» የምትለዋ መስመር ለዚህ በሽታ መድኃኒት ናት። አንድ መስመር ናት። በመካከል ትጻፋለች፤ ከሥሯ ይሰመርባታል። ብዙውን ጊዜ «ስለመጠየቅ» ወይም «ስለማሳወቅ» ብላ ትጨርሳለች። ሹሙ እሷን አንብቦ ደብዳቤው የማን ጠረጴዛ እንደሚሄድ ያውቃል። እስቲ አንድ ማመልከቻ እንይ።

ጥቅምት 8 ቀን (ዓመተ ምሕረቱ ይጻፋል)
ለወረዳችን የውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት
ጉዳዩ፦ የተቋረጠ ውሃ እንዲቀጠልልኝ ስለመጠየቅ
የሐምሌና የነሐሴን ወር የውሃ ሂሳብ ከፍዬ ደረሰኝ ይዣለሁ። ሆኖም ከመስከረም 25 ቀን ጀምሮ ውሃው ተቋርጦብኛል። ስለዚህ ነገሩ ተጣርቶ እንዲቀጠልልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። 2 ደረሰኝ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።
ከሰላምታ ጋር
(ስም፣ ፊርማ፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ)

አለቀ። ምን ሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ማስረጃ አለ፣ ምን ይደረግልኝ። ውዳሴ የለም፤ ለቅሶም የለም። አያያዛችሁትን ወረቀት ቁጥሩን ተናገሩ። ከሁለቱ ደረሰኝ አንዱ ቢጠፋ የጠፋው እዚያ መሆኑ ይታወቃል። ደግሞም ዋናውን ደረሰኝ አትስጡ፤ ፎቶ ኮፒውን ስጡ።

የንግድ ደብዳቤም ከዚህ አይርቅም። ጨዋታው ያለው በቁጥሩ ላይ ነው። «ጤፉ ጎድሎ መጣ» ብላችሁ ብትጽፉ ነጋዴው ይስቃል። «ጥቅምት 3 ቀን በጻፍኩልዎ ደብዳቤ 20 ኩንታል ጤፍ ጠይቄ ነበር። ጥቅምት 12 ቀን የደረሰኝ 18 ኩንታል ነው። የጎደለው 2 ኩንታል እንዲላክልኝ ወይም ዋጋው እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ» ብትሉ ግን ሚዛኑን ይፈትሻል። ገንዘብ ሲሆን በአኃዝም በፊደልም ጻፉት፤ «ብር 450 (አራት መቶ ኃምሳ ብር)» ተብሎ። በአኃዙ ላይ አንዲት ዜሮ መጨመር ለክፉ ሰው ቀላል ነው። «አራት መቶ» የሚለውን «አራት ሺህ» ማድረግ ግን ያስቸግረዋል።

ስለ መጨረሻው ሰላምታ ትንሽ እንበል። በደብዳቤ ውስጥ ከዘመን ጋር ቶሎ የሚለዋወጠው እሱ ነው። በንጉሡ ጊዜ ግርማዊነትና ክቡርነት ይበዛ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ «ኢትዮጵያ ትቅደም» መጣ፤ ቆይቶም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት» በሚል መፈክር ይዘጋ ጀመር። አቶው «ጓድ» ሆነ። ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር ፊደል የቆጠሩ ብዙ አዋቂዎች የመጀመሪያ ደብዳቤያቸውን የጻፉት በዚያ ዓይነት መዝጊያ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ መፈክሩም ቀረ። «ከሰላምታ ጋር» ግን ሁሉንም አልፋ ዛሬም አለች።

የዘመድ ደብዳቤ ሥርዓቱ ሌላ ነው። እዚያ «ጉዳዩ» አይጻፍም። ለእናታችሁ «ጉዳዩ፦ ናፍቆትን ስለመግለጽ» ብላችሁ ብትጽፉ አእምሮው ተነካ ትላለች። «ይድረስ ለምወድሽ እናቴ። ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ካንቺ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ይባላል። እስላም የሆነው «አልሐምዱ ሊላህ» ይላል። አባትን በአንዳንድ አገር «አንተ» ይሉታል፤ በአንዳንዱ «እርስዎ»። በቤታችሁ በአፋችሁ የምትሉትን ጻፉ። ደብዳቤ ስለሆነ ብላችሁ አባታችሁን እንደ ሹም አታድርጉት። ቀጥሎ የጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታ ይደረደራል፤ አንድ ሰው ቢረሳ ቅያሜ ነውና ተጠንቀቁ።

ይህ ዓይነት ደብዳቤ ለምን እንዲህ እርስ በርሱ እንደሚመሳሰል አስባችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ምክንያት የሚጽፈውም የሚያነበውም ሌላ ሰው ስለነበረ ነው። የወታደር ሚስት ለባሏ ስታስጽፍ፣ ጸሐፊው የጎረቤት ተማሪ ወይም ዲያቆን ነው። ባልየውም ጦር ሰፈር ውስጥ ለጓደኛው ሰጥቶ ያስነብባል። በሁለት ባዕድ ሰው ፊት ምን ልትል ትችላለች? «ደህና ነኝ፤ ልጆቹም ደህና ናቸው» ትላለች። ልጅ ታሞ ቢሆን፣ ወንድሙ መሬቱን ቀምቷት ቢሆን፣ ናፍቆቱ እንቅልፍ ነሥቷት ቢሆን፣ ትውጠዋለች። ስንት ደብዳቤ «ደህና ነኝ» ብሎ ሄዷል፤ ደህንነት ሳይኖር። በራሷ እጅ የምትጽፍ ሴት ግን ከሰላምታው በታች የፈለገችውን መስመር ትጨምራለች። ፖስታውንም በምራቋ ራሷ ታሽገዋለች።

ዛሬ ብዙው ሰላምታ በስልክ ሆኗል። ዓረብ አገር ያለችው ልጅ ድምፅዋን ታሰማለች፤ በስልክም አጭር ጽሑፍ ትልካለች። ቢሆንም ስልክ ላይ የተባለው ይረሳል፤ ወረቀት ከሣጥን ሥር ይገኛል። ማመልከቻ ደግሞ እስካሁን ከወረቀት አልተላቀቀም።

ፖስታውን እንዴት እንደምትጽፉ ነግረን እንሰናበታችሁ። የተቀባዩን ስም፣ የፖስታ ሣጥን ቁጥሩንና ከተማውን በፊት ለፊት በመካከል ጻፉ። ቴምብሩ በስተቀኝ በኩል ከላይ ይለጠፋል። የራሳችሁን ስምና አድራሻ በጀርባው ወይም በስተግራ ከላይ አስፍሩ። ተቀባዩ ባይገኝ ደብዳቤው ወደ እናንተ የሚመለሰው በእሷ ነው። በሚቀጥለው ንግግራችን ስለ ደረሰኝና ስለ ብድር ወረቀት እንነጋገራለን። እስከዚያው አንድ ወረቀት ወስዳችሁ ከቤታችሁ ርቆ ላለ አንድ ሰው ጻፉ። በደህና ቆዩን።